ምዕራፍ 5፦ ብርኩማው ከየት ይምጣ?

ክራር የሚያይ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀንበሩ ላይ ነው። ከዚያ ቆዳው፣ ገበቴው፣ ያጌጡት ምሰሶዎች ይታዩታል። ብርኩማዋን ግን ከክሮቹ ሥር የተሸጎጠች ጣት የምታህል እንጨት በመሆኗ ማንም ልብ አይላትም። እሷን ከስፍራዋ አውጥታችሁ ክራሩን ብትመቱት ያ ሁሉ ጌጥ ዋጋ ያጣል። ክሮቹ ቆዳው ላይ ይተኛሉ፤ የሚሰማው ጣት ከቆዳ ጋር ሲፋተግ ብቻ ነው።

በሲጋር ሳጥን ጊታርም ነገሩ ያው ነው። ባለፉት ምዕራፎች ሳጥኑን መርጠን፣ ጎኑን በስተን፣ አንገቱን አሳልፈን አጣብቀናል። የቀረን ሦስቱን ክሮች ከሳጥኑ ክዳን ከፍ አድርጎ የሚሸከም እንጨት ነው። ይህ እንጨት ሁለት ነገር ያጣምራል። ከታች ክዳኑ ላይ የሚቀመጠው መሠረት ብርኩማው ነው፤ ከላይ ክሩ በቀጥታ የሚያርፍበት ስስ ጠርዝ ደግሞ ጊታር ተጫዋቾች ሳድል የሚሉት ነው። በክራር ሁለቱ አንድ ወጥ ቁራጭ ናቸው። ፋብሪካ በሚሠራው ጊታር ይለያያሉ፤ ብርኩማው ከሮዝውድ ወይም ከዞጲ፣ ሳድሉ ከአጥንት ወይም ከፕላስቲክ ይሆናል። በሲጋር ሳጥን ላይ ሁለቱም ያስኬዳል። ብርኩማውን ጭራሽ ትቶ አንድ ረጅም ብሎን ከክሮቹ ሥር አጋድሞ የሚጫወትም ሞልቷል። ብሎኑ መጥፎ አይደለም፣ ትንሽ የቆርቆሮ ድምፅ ይጨምራል፤ እኛ ግን በእንጨቱ እንቀጥላለን፤ እሱንም ከትራፊ እንፈልጋለን።

መሣሪያው ሲወለድም ከትራፊ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ሲጋር በትንንሽ የእንጨት ሳጥን እየታሸገ መሸጥ ሲለመድ ባዶው ሳጥን የትም የሚገኝ ዕቃ ሆነ። ሠዓሊው ኤድዊን ፎርብስ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ከሠራዊቱ ጋር ሲዞር ያያቸውን ወታደሮች ሲስል አንደኛው በእጁ የሲጋር ሳጥን ቫዮሊን ይዟል፤ ሥዕሉ የወጣው በ1876 ነው (በዚህ መጽሐፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከብዙ ጊዜ በኋላም ለሮክ ኤንድ ሮሉ ካርል ፐርኪንስ የመጀመሪያ ጊታሩን አባቱ ከሲጋር ሳጥንና ከመጥረጊያ እጀታ ሠርተውለታል። አዲስ አበባ ውስጥ በዘይት ቆርቆሮ ላይ ክር ወጥሮ ክራር የተለማመደ ልጅ ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ሊያስረዳው አያስፈልግም። የሳጥኑን ነገር በአንድ ቃል ልጨምርና ልለፈው፦ ካናዳ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ የትምባሆ ማሸጊያ ሁሉ ያለ ጌጥ፣ በአንድ ዓይነት ድብዝዝ ቡናማ ቀለም እንዲሆን ስላዘዘች ባለ ሥዕሉ ሳጥን ከእጃችሁ ከገባ አትልቀቁት።

አሁን አንድ ስሌት እንሥራ። የሚነዝረው የክር ክፍል 63 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሁን፤ ክሮቹ ከስስ የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ይወሰዱና ሶል፣ ሬ፣ ሶል ተብለው ይቃኙ። እያንዳንዱ ክር በ7 ወይም በ8 ኪሎ ጉልበት ይወጠራል፤ ሦስቱ ሲደመሩ 22 ኪሎ ግድም ይመጣል። ክሮቹ ብርኩማው ላይ ደርሰው ወደ ሳጥኑ ጭራ ሲወርዱ 15 ዲግሪ ያህል ከታጠፉ፣ ክዳኑን ቁልቁል የሚጫነው ኃይል ወደ 6 ኪሎ ይጠጋል። ያን የሚያህል የጤፍ ከረጢት ቀን ከሌት ከክዳኑ ላይ አይወርድም ማለት ነው። ክሩ በባዶ ጣት የሚዳሰስ ቀጭን ነገር በመሆኑ ጭነቱ የሚያርፈው በሦስት ነጥቦች ላይ ብቻ ነው። እንጨቱ ለስላሳ ከሆነ ክሩ በሳምንታት ውስጥ ቦይ ይቆፍርበታል።

ጭነቱ ግን ከጉዳዩ ግማሹ ነው። ክር ብቻውን ሲነዝር አየሩን አይገፋም፣ እጅግ ቀጭን ነውና ቆርጦት ያልፋል። አየሩን የሚገፋው ሰፊው ክዳን ነው። ክሩ የያዘውን ንዝረት ለክዳኑ የሚያደርሰው ደግሞ ብርኩማው ስለሆነ በመንገዱ ላይ የሚጠፋው ሁሉ ከድምፁ ይቀነሳል። ብርኩማው ከባድ ከሆነ ክሩ እሱን ለማንቀሳቀስ ይደክማል። ቫዮሊን ተጫዋቾች ድምፃቸውን ማፈን ሲፈልጉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ጥቂት ግራም የምትመዝን ማፈኛ ብርኩማው ላይ ይሰኩና ድምፁ ወዲያው ይከደናል። እናንተም መሞከር ትችላላችሁ። ካናዳ ከ2013 ጀምሮ ማሰራጨቷን ካቆመችው ባለ አንድ ሳንቲም አንዷ መሳቢያ ውስጥ አትጠፋም፤ ክብደቷ ሁለት ግራም ተኩል ያህል ነው። በሰም ወይም በማስቲካ ብርኩማው ጎን ላይ ለጥፉና ክሩን ምቱ። ሁለተኛ ጨምሩ፣ ሦስተኛ ጨምሩ። በቀጭን ክዳን ላይ ልዩነቱ እየበረታ ሲሄድ ይሰማል፦ መጀመሪያ ቀጭኑ ድምፅ ይሸሻል፣ ከዚያ መላው ድምፅ ወደኋላ ይላል።

ስለዚህ የምንፈልገው እንጨት ሁለት ጠባይ አለው። ከታች ቀላል፣ ከላይ ጠጣር። ከባድና ጥቁር እንጨት የተሻለ ድምፅ ይሰጣል የሚለው ወሬ በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው፤ እኔ አልቀበለውም። ውፍረቱ ሦስትና አራት ሚሊ ሜትር በሆነ ክዳን ላይ የዞጲ ጉማጅ መጫን ሳጥኑን ማነቅ ነው። ዞጲ ለላይኛው ጠርዝ ይበቃል፣ እዚያም ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ።

ጠጣርነትን የሚለካ አንድ የታወቀ ዘዴ አለ፤ ያንካ ይባላል። ዲያሜትሩ 11.28 ሚሊ ሜትር የሆነች የብረት ኳስ እስከ ወገቧ እንጨቱ ውስጥ ለማስገባት ምን ያህል ኃይል እንደሚፈጅ ይታያል። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በየግንባታው የሚጣለው ነጭ ፓይን 170 ኪሎ ያህል ይፈጃል። ጥቁር ዋልነት 460፣ አሽ 600፣ ጠጣሩ ሜፕል 660፣ የአፍሪካው ዞጲ 1,400 ግድም ነው። መጋዘን ውስጥ ግን የብረት ኳስ የለም፤ ጥፍር አለ። የአውራ ጣታችሁን ጥፍር በእንጨቱ ጎን ላይ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ፓይን ወዲያው ይሰረጉዳል። ሜፕል ላይ ምልክቱ ጭራሽ ላይታይ ይችላል፣ የሚያመው ጥፍራችሁን ነው።

ከጥፍር የሚበልጠው ፈተና በጆሮ ነው። ብርኩማ የሚያህል ቁራጭ፣ ርዝመቱ ስምንት ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከጉልበት ከፍታ ሲሚንቶ ወለል ላይ ልቀቁት። ደረቅና ጤነኛ ሜፕል እንደ ማሪምባ ቁልፍ ቃና ያለው ድምፅ አውጥቶ ይነጥራል። ውስጡ የተሰነጠቀ፣ የበሰበሰ ወይም ገና እርጥብ የሆነ ቁራጭ ዱብ ብሎ ይቀራል። ቺፑድና ኤምዲኤፍ ምንጊዜም ዱብ ነው፤ በሙጫ የተያያዘ ብናኝ ንዝረትን ይውጣል እንጂ አያሳልፍም። ኮምፖንሳቶ በመካከል ነው። አምስት ስድስት ቁራጭ በተራ ጥላችሁ ስትሰሙ የቱ እንደሚሻል ለመለየት ሙያ አይጠይቅም፤ መጠናቸው አንድ ይሁን እንጂ፣ ካልሆነ የምታወዳድሩት እንጨቱን ሳይሆን ርዝመቱን ነው።

እዚህ ላይ በገናን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። የበገና ብርኩማ ሰፊ ነው፤ አሥሩ አውታሮች ከሱ ላይ ሲያልፉ እንዝራ የሚባሉት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች በአውታሩና በእንጨቱ መካከል ይገባሉ። ያ በገና የሚታወቅበት፣ አጥንት ውስጥ የሚገባ ንዝረት የሚመጣው አውታሩ ቆዳውን በስሱ ሲነካ፣ ሲለቅ፣ እንደገና ሲነካ ነው። እንዝራዋ በፀጉር ያህል ስትገፋ ድምፁ ይጠፋል፤ ዓለሙ አጋን የመሰለ የበገና መምህር ሲጫወት የምንሰማው ውበት ከመዝሙሩ ሌላ የዚያች ቆዳ አቀማመጥ ጭምር ነው። የሲጋር ሳጥን ጊታር ሠሪዎች እንደ ጉድለት የሚቆጥሩትን ዝዝታ የእኛ ሰዎች ፈልገው፣ ልክ አበጅተው አስቀምጠውታል። እንግዲህ ሳድላችሁ ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ ክሩ ቢነዝዝባችሁ ሁለት ምርጫ አላችሁ፦ ጠርዙን በሞረድ አቅጥኖ ማዳን፣ ወይም አንዲት የቆዳ ቁራጭ አስገብቶ ሳጥኑን ወደ በገና ማስጠጋት። ሁለተኛውን አንድ ሰው እንዲሞክረው አጥብቄ እመኛለሁ።

አሁን እንጨቱን ቶሮንቶ ውስጥ እንፈልግ። እዚህ ከተማ እንጨት በዓይነት ይጣላል። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ከግሪንዉድ ወደ ምሥራቅ የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች የተሰለፉበትን አካባቢ የሚያውቅ ሰው ከጀርባ ያሉትን የመኖሪያ መንገዶችም ያውቃል፦ ከመቶ ዓመት በፊት የተሠሩ ጠባብ ቤቶች፣ ሁልጊዜ አንዱ እየፈረሰ ወይም እየታደሰ። ከሚነቀለው ወለል አብዛኛው ኦክ ወይም ሜፕል ነው። ውፍረቱ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የሜፕል ወለል አንድ ክንድ ካገኛችሁ የብርኩማ ነገር ለረጅም ጊዜ አለቀ። ዘመናት ደርቋል፣ ከእንግዲህ አይጣመምም። ኦኩ ጠጣር ቢሆንም ቀዳዳው ሰፋፊ ነው፤ ስስ ጠርዝ ሲወጣለት በቃጫው ተፈንጥሮ ይሰበራል፣ ስለዚህ ለመሠረት እንጂ ለሳድል አልመርጠውም።

አሽ ሌላ ታሪክ አለው። ከምሥራቅ እስያ የመጣ ኤመራልድ አሽ ቦረር የሚሉት አረንጓዴ ጥንዚዛ በ2002 ዲትሮይትና ዊንዘር አካባቢ ታየ፤ በ2007 ቶሮንቶ ገባ። ትሉ ከቅርፊቱ ሥር ውኃና ምግብ የሚያመላልሰውን ክፍል እየበላ ዛፉን በጥቂት ዓመታት ያደርቀዋል። በከተማዋ ከ8 መቶ ሺህ በላይ የአሽ ዛፎች ነበሩ። ከየመንገዱ ዳር የተቆረጠው ግንድ ግማሹ ተፈጭቶ ለአትክልት መሸፈኛ ሆነ፤ ከፊሉ ግን ሳንቃ ሆኖ በየጓሮውና በየአናጢው ቤት ተከምሯል። አሽ ቀጥ ያለ ቃጫ ያለው፣ ከክብደቱ ይልቅ ጥንካሬው የሚበልጥ እንጨት ነው፤ ለብርኩማ መሠረት ከዚህ የተሻለ ጠባይ አልጠይቅም። ቅርፊት ያለበትን ግንድ ግን ወደ ሌላ አካባቢ አታጓጉዙ፣ ትሉን ላለማዛመት የተከለከለ ነው።

የድሮ የሆኪ ዱላም ከአሽ ነበር። ዛሬ ተጫዋቾቹ በካርቦን ፋይበር ዱላ ይመታሉ፤ የእንጨቶቹ ተሰባብረው ከየጋራዡ ይወጣሉ። እጀታው ሦስት ሴንቲ ሜትር በሁለት ያህል ስለሆነ ስምንት ሴንቲ ሜትር መቁረጥ ብቻ ነው የሚቀረው። ከውጭ ፋይበርግላስ የተለበጠ ከሆነ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ልብጡን አስወግዱ፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ለመግባት የታሰበ አይደለም።

ትራፊ እንጨት ወደ ጊታር የመግባቱ ነገር ቶሮንቶ ውስጥ ትልቅ ክብር ያገኘበት ጊዜም አለ። በሲቢሲ ሬዲዮ ይሠራ የነበረው ጆዊ ቴይለር ከካናዳ ልዩ ልዩ ማዕዘናት ታሪክ ያላቸውን ቁርጥራጮች መሰብሰብ ጀመረ፦ ከቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ከፒየር ትሩዶ ታንኳ መቅዘፊያ፣ ከዌይን ግሬትስኪ የሆኪ ዱላ፣ በሃይዳ ሕዝብ ዘንድ ቅዱስ ከነበረውና በ1997 አንድ ሰው በመጋዝ ከጣለው ወርቃማው ስፕሩስ ጭምር። የኖቫ ስኮሺያው ጊታር ሠሪ ጆርጅ ሪዛኒ 64ቱን የእንጨት፣ የአጥንት፣ የብረትና የድንጋይ ቁራጮች አንድ ጊታር አደረጋቸው፤ ቮያጀር ተባለ፣ በ2006 የካናዳ ቀን ኦታዋ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ተመታ። የዱላው ዝና ወደ ድምፁ ይገባል ብዬ አልሟገትም። የግሬትስኪ ዱላም የጎረቤት ልጅ ዱላም አንድ ዓይነት እንጨት ከሆነ አንድ ዓይነት ይነዝራል። ነገር ግን ሪዛኒ የክብሩን ወርቃማ ስፕሩስ የት እንዳስቀመጠው ተመልከቱ፦ ከፊት ለፊት፣ ድምፅ በሚያወጣው ክዳን ላይ። ስፕሩስ ደግሞ ከዱሮም ለጊታርና ለቫዮሊን ክዳን የሚመረጥ ቀላልና ግትር እንጨት ነው። ታሪኩ ቁራጩን መረጠ፣ ቦታውን የመረጠው ጠባዩ ነው።

አሁን ወደምወደው ትራፊ ደርሰናል። ፒያኖ።

ቶሮንቶ በአንድ ወቅት የፒያኖ ከተማ ነበረች። ቴዎዶር ሃይንትስማን ኩባንያውን በ1866 አቋቋመ፤ በ1888 ፋብሪካው ከከተማዋ በስተምዕራብ ጃንክሽን በሚባለው ሰፈር ሥራ ጀመረ። ኖርድሃይመር፣ ሜሰን ኤንድ ሪሽ፣ ኒውኮምብ የሚሉት ስሞችም በየክዳኑ ላይ በወርቅ ቀለም ይነበባሉ። ሳሎን ያለው ቤት ሁሉ ግድግዳ ተጠግቶ የሚቆም ፒያኖ ይገዛ ነበር። ዛሬ የእነዚያ ፒያኖዎች ወራሾች ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራሉ፤ ሁለት መቶ ኪሎ የሚያልፍ ዕቃ በአሳንሰር ማውጣት ማንም አይፈልግም። መቃኛዎቹ ላልተዋል፣ መጠገኛው ከዋጋው በልጧል። ስለዚህ "በነፃ፣ መጥታችሁ ውሰዱ" የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍባቸዋል፤ ወሳጅ ሲጠፋ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳሉ።

እንዲህ ያለ ፒያኖ ስታገኙ ክሮቹን አትንኩ። ከ2 መቶ በላይ የብረት ክሮች በአንድነት ከ15 ቶን በሚበልጥ ኃይል ተወጥረዋል፤ ያንን ማላላት የባለሙያ ሥራ ነው። የምንፈልገው ከፊት ለፊት ያለውን ነው። የላይኛውን ክዳንና የፊት ሳንቃውን ካነሳችሁ መዶሻዎቹን የተሸከመው ክፍል በጥቂት መያዣዎች ታስሮ ታገኙታላችሁ፤ ፈታችሁ ወደ ራሳችሁ ስታዘነብሉት ይወጣል። ከሱ በኋላ ቁልፎቹ አንድ በአንድ ወደላይ እየተነሱ ይወጣሉ፤ ምንም ነገር አይዛቸውም። 88 ቁልፍ፣ ከነዚህ 36ቱ ጥቁር።

አንዷን ጥቁር ቁልፍ እንመርምር። ረጅሙ የታችኛው እንጨት ለስላሳ ነው፣ እሱን እርሱት። ከላዩ በሙጫ የተለጠፈችው ጥቁር ክፍል ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ትረዝማለች፣ ስፋቷ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከላይ ትጠባለች። የሦስት ክር ጊታር ሳድል ከስድስት ወይም ከሰባት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። እንግዲህ የተቆረጠ፣ የደረቀ፣ የለሰለሰ ሳድል እጃችሁ ላይ አለ። የቀድሞው ሙጫ ከእንስሳት ቆዳ የተሠራ ስለሆነ በእንፋሎት ወይም በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ይላላል፤ ከዚያ በስስ ቢላዋ መፈልቀቅ ነው። ቁልፎቹ ጎን ላይ ክብ ግራጫ ነጠብጣብ ካያችሁ ለክብደት የተቀበረ እርሳስ ነው፤ አትጋዙት፣ እጃችሁንም ታጠቡ።

ቀጥሎ ዞጲ መሆኗን ማጣራት ነው። ውድ ፒያኖዎች ዞጲ ይገባላቸው ነበር፤ ርካሾቹ ጥቁር የተቀባ ሌላ ጠጣር እንጨት። በመጀመሪያ ከሥሯ በቢላዋ ጫሩ። እስከ ውስጥ ጥቁር ከሆነች ተስፋ አለ፤ ቡናማ ወይም ነጣ ያለ እንጨት ከታየ ቀለም ነበር። ከዚያ ውኃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጣሏት። ዞጲ አብዛኛውን ጊዜ ከውኃ ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል። ሜፕል ግን ይንሳፈፋል። የተቀባችውም ብትሆን አትጣሏት፣ ከወለል ሜፕል አታንስም።

በመደብር አዲስ ዞጲ መግዛት ውድ ነው፤ ሮዝውድ ደግሞ ወረቀት ይጠይቃል። ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ የሮዝውድ ወገን በሙሉ ዓለም አቀፉ የአራዊትና የዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ውስጥ ገብቷል፤ ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ነፃ የወጡት በ2019 መጨረሻ ላይ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ተቆርጦ ፒያኖ ላይ የኖረ ቁራጭ ሌላ ዛፍ አያስቆርጥም። የነጮቹ ቁልፎች ልባጥ ግን የዝሆን ጥርስ ሊሆን ይችላል፤ ከሁለት ስስ ቁራጮች የተጋጠመ ከሆነና እንደ ጣት አሻራ ያለ መስመር ከታየበት ተዉት። ድንበር ሲያሻግሩት ፈቃድ ይጠየቃል፤ አንድ ጊታር ይዞ ቡፋሎ ለመሄድ ያን ያህል ጣጣ አያስፈልግም።

ከመዶሻዎቹም እጀታዎቹን አትርሱ። አምስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያላቸው ክብ የሜፕል ዘንጎች ናቸው። አንዱን ቆርጣችሁ በብርኩማው ላይ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ብታጋድሙት ሌላ ዓይነት ሳድል ይሆናል፤ ከዞጲው ይልቅ ለስለስ ያለ፣ ለጣት አመታት የሚስማማ።

የማይነኩትን ቶሎ ልጥቀስ። ወደ አረንጓዴ የሚያደላ የበረንዳ እንጨት በኬሚካል የተነከረ ነው፤ እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ የተሸጠው አርሴኒክ አለበት። ፓሌት ከሆነ ማኅተሙን አንብቡ፤ በላቲን ፊደል "ኤችቲ" የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፣ "ኤምቢ" የሚለው ግን በመርዝ ጋዝ የታጠነ ነውና ይቅር። የአሮጌ ቤት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል የተቀባ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ።

የተመረጠው ቁራጭ ሲቆረጥ የቃጫው አቅጣጫ ከዓይነቱ ያላነሰ ነገር ይወስናል። ቃጫው በብርኩማው ርዝመት፣ ማለትም ክሮቹን አቋርጦ ይሂድ። ቃጫው ሽቅብ የቆመ እንደሆነ ንዝረቱን ጥሩ አድርጎ ቢያሳልፍም ስስ ቁራጭ በ6 ኪሎው ጭነት ለሁለት ይከፈላል። ከታች ያለው ፊት ክዳኑን በሙሉ መንካት አለበት። ብርጭቆ ወረቀት በክዳኑ ላይ ሸካራውን ወደላይ አድርጋችሁ ዘርጉና ብርኩማውን በላዩ ላይ አመላልሱት፤ ክዳኑ ትንሽ ጎበጥ ቢል እንኳ ቅርጹን ይዞ ይወጣል። ከመካከሉ እንደ ድልድይ ቅስት አድርጋችሁ ብትቀንሱለት ክብደቱም ይቀላል። ሳድሉን ለማስገባት ሦስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ይበቃል፤ በጣት ተጭኖ የሚገባ፣ ሲገለበጥ የማይወድቅ ይሁን። በሙጫ አታጣብቁት።

ብርኩማውንም እንዲሁ። የክሮቹ ጫና ብቻውን ይይዘዋል፤ ያልተጣበቀ ብርኩማ ደግሞ ሊንቀሳቀስ ይችላል፣ የምንፈልገውም ይህን ነው። አንገቱ ጫፍ ላይ ካለው ማረፊያ እስከ 12ኛው ፍሬት (አንገቱን አቋርጠው ከተተከሉት ሽቦዎች 12ኛው) ያለውን ርቀት ለኩና ያንኑ ያህል ከ12ኛው ፍሬት ወዲህ ብርኩማውን አቁሙ።  ከዚያ ክሩን 12ኛው ፍሬት ላይ በስሱ ነክታችሁ ምቱ፤ ቀጥሎ እዚያው ተጭናችሁ ምቱ። ሁለቱ ድምፆች እኩል መሆን አለባቸው። የተጫናችሁት ከቀጠነ ብርኩማው ወደ ጭራው ይሽሽ፤ ከወፈረ ወደ አንገቱ ይቅረብ። ወፍራሙ ክር ከቀጭኑ ይልቅ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ወደኋላ ስለሚፈልግ ብርኩማው በመጨረሻ ትንሽ ሰያፍ ሆኖ ይቆማል። ሲስተካከል ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ።

አንድ የቀረ ነገር የቶሮንቶ አየር ነው። በጥር ማሞቂያው ቀን ከሌት ሲሠራ የቤት ውስጥ አየር እጅግ ይደርቃል፤ ከሙሉ ሳንቃ የተሠራ የሲጋር ሳጥን ክዳን ይኮማተራል፣ ወደ ውስጥም ይሰረጉዳል። ክሮቹ አብረውት ይወርዱና ከፍሬቶቹ ጋር መነካካት ይጀምራሉ። በሐምሌ ተቃራኒው ይሆናል፤ ክዳኑ ያብጣል፣ ክሮቹ ከጣት ይርቃሉ። ለዚህ ክዳኑን መላግ ወይም አንገቱን ማጣመም አያሻም። ከፒያኖው 36 ጥቁር ቁልፍ ወስዳችኋልና ሁለት ሳድል ሥሩ፤ የጥሩ ከሐምሌው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። በየሥራቸው "ጥር" እና "ሐምሌ" ብላችሁ ጻፉ። ክሮቹን ላላ አድርጎ አንዱን ስቦ ሌላውን ማስገባት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ተረፍ ያለው ሳድል የሚቀመጠው ደግሞ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ካልሆነ ሲጫወቱ ይንኳኳል።